«የዘንድሮ ልጅ» ሲሏችሁ አትቀየሙ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰው በመቅጠርና አዲስ ገቢ በማሠልጠን ነው። የ«ዘንድሮ ልጅ» ወሬ በየጊዜው ይደርሰኛል። ትዕግሥት የለውም፣ አያነብም፣ ታላቁን አያከብርም፣ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል ይሉታል። እናንተም በበኩላችሁ «ፋራ» ብላችሁ ታልፉናላችሁ። ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ከሁለቱም ወገን ስንት ጎበዝ ሰው ሳይነጋገር ሲተላለፍ አይቻለሁ።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ጄን ዚ ነን ትላላችሁ። ሰውን በተወለደበት ዓመት እየለዩ ለየትውልዱ ስም መስጠትን ካስለመዱት አንዱ ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1996 የተወለደውን ሚሊኒያል፣ ከ1997 እስከ 2012 የተወለደውን ጄን ዚ አለው። በዚህ ስሌት በ1996 የመጨረሻ ቀን የተወለደ ሰው በማግሥቱ ከተወለደው ጋር ትውልዱ ተለየ፣ ያኛው ደግሞ ከ15 ዓመት ታናሹ ጋር አንድ ሆነ። ማዕከሉ ራሱ በ2023 ስሞቹን ሲጠቀም ይበልጥ እንደሚጠነቀቅ አሳውቋል። እናንተ ታዲያ ለምን ማንነታችሁ ታደርጉታላችሁ?

ትውልድ ጭራሽ የለም እያልኩ አይደለም። ካርል ማንሃይም የተባለው የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአንድ ዘመን መወለድ ብቻውን አይበቃም፣ በወጣትነት አብረው ያለፉት ትልቅ ነገር ነው ሰዎችን የሚያስተሳስራቸው ብሎ ነበር። ያሳምነኛል።

ስለዚህ ስለ ወጣት የሚወራ ነገር ስትሰሙ ጠይቁ። ዕድሜው ነው? ዘመኑ ነው? ወይስ እውነትም ትውልዱ? ሥራ ቶሎ ቶሎ መቀየር በአብዛኛው የዕድሜ ነገር ነው፤ የሚሆነውን ቦታ ገና የሚፈልግ ሰው ይቀያይራል፣ ኋላ ይረጋል። ስልክ ላይ መዋል የዘመኑ ነው፤ የሚወቅሷችሁም ከስልካቸው አይላቀቁም። ሦስቱን መለየት ለተመራማሪም ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ በተሰበሰበ መጠይቅ ብቻ «ይህ ትውልድ እንዲህ ነው» የሚላችሁን ቶሎ አትመኑ።

እኔ በጣም የምወደው ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ፕሮትዝኮና ጆናታን ስኩለር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡትን ጥናት ነው። አሜሪካውያን አዋቂዎችን ጠየቁ። «የዛሬ ልጆች ማንበብ አይወዱም» የሚሉት ይበልጡን ራሳቸው ብዙ ያነበቡት ሆኑ። «ታላቅ አያከብሩም» የሚሉት ደግሞ ሥልጣንን አጥብቀው የሚያከብሩት። ሰው ራሱ የበረታበት ነገር በልጆች ላይ ሲጎድል ቶሎ ይታየዋል፤ የዛሬ ማንነቱን ወደኋላ ወስዶ የያኔ ልጅ ሁሉ እንደሱ የነበረ ይመስለዋል።

ይቺን ያዙልኝ። አለቃችሁ «አታነቡም» እያሉ ሲነጫነጩ ምናልባት ጎበዝ አንባቢ ናቸው። አታኩርፏቸው፤ ምን ላንብብ በሏቸው። ሪፖርታችሁ ተዝረከረከ የሚሏችሁን ታላቅ ባልደረባ እንዲያርሙላችሁ ጠይቋቸው። እየተቆጡም ቢሆን ያርሙላችኋል። ብዙዎቻችን የምንቆጣው፣ ደክመን ያገኘነውን የሚረከበን ሰው ያጣን ሲመስለን ነው።

እናንተም አሳዩን። ኮምፒውተሩ ላይ ስንደናበር ከእጃችን ወስዳችሁ ጨርሳችሁልን አትሂዱ። አጠገባችን ቁሙና ራሳችን እንሞክረው። ደጋግመን እንጠይቃችኋለን፤ ደጋግማችሁ ንገሩን።