ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ከመባሉ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ይፈተሽ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ አንጀቴ ተላወሰ። «አጂፕ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ፤ ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ዴስክቶፔ አልነሳ አለ፤ በተኑን ስጫን ድምፅም የለም፣ መብራትም የለም፤ ጠጋኝ ጋ ስደውል ሳያየው ማዘርቦርድ ነው፣ ይዘኸው ና አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ያው ሥራ ላይ ነኝ። የደረሰብኝም ያው ያንተው ነው። ስለዚህ ሶኬቱን ሰክተሃል ወይ እያልኩ ጊዜህን አልፈጅም።

መልሴ አጭር ነው። ኮምፒውተሩን ከቤትህ አታስወጣ። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) ይሠራል ወይስ ሞቷል የሚለውን እዚያው ጠረጴዛህ ላይ እወቅ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው፤ 220 ቮልቱን ፊት ለፊት የሚቀበለው እሱ ነዋ። ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ጋ የሚደርሰው 12 ቮልትና ከዚያ በታች ብቻ ነው። ማዘርቦርድ አይቃጠልም አልልህም፣ ይቃጠላል። ግን ሐኪም የልብ ምት ሳያዳምጥ ሞቷል አይልም።

1. የኤሌክትሪክ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ንቀል። ፕሪንተሩንም፣ ፍላሹንም፣ ሁሉንም ንቀል። ከዚያ የማስነሻውን በተን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲዘበራረቅ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል፤ በዚህ የሚመለስ ብዙ አለ። ቀጥለህ ያለ ዲቫይደር፣ ያለ ስታቢላይዘር፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክተህ ሞክር። የሞኒተሩ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ በእሱ ቀይረህ እየው። ስታቢላይዘሩ ሞቶ ኮምፒውተሩ የሚታማበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

2. ከጀርባው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ካለው 230 ላይ መሆኑን እይ። ሁሉም የለውም። ካለውና ልጅ ነካክቶት 115 ላይ ሆኖ ከሰካኸው ግን ይፈነዳል።

3. ኮምፒውተርህ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ከሆነ ይህችን በደንብ አንብባት። እኔን ያዳነችኝ እሷ ናት።

የኔው ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ሰኔ ላይ ነበር፣ የጅማ ዝናብ ከነነጎድጓዱ የሚወርድበት ሰሞን። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። የተመራቂ ተማሪዎች ጽሑፍ እጄ ላይ ነው። አስረክቡ የተባሉበት ቀን ደርሷል። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁ፤ የሰው ሥራ ያለበትን ነገር ለማንም አልሰጥም። የውስጡን ፎቶ በስልኬ አነሳሁና ባጃጅ ላይ ጭኜ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት።

የጥገና ቤቱን ስም አልጠራም። ሰውዬው ክዳኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለ። በምን አወቅህ አልኩት። «እናት፣ ይሄ የባለሙያ ነገር ነው፣ ቢነግሩሽም አይገባሽም» አለኝ። ደንበኛ ሞልቶ፣ ሰው እየሰማ። እኔ በዚያ ኮምፒውተር ሠርቼ ልጆች ያስተማርኩ ሴት ነኝ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በሌላ ፓወር ሰፕላይ ሞክርልኝ ብዬ ለመንኩት። አንዱን ከመደርደሪያ አነሳ፣ ጫፉን አስጠጋ፣ «አይገጥምም» ብሎ መለሰው። እውነቱን ነው፣ አይገጥምም። ተራው ፓወር ሰፕላይ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ጫፉ ባለ 24 ፒን (ትንንሽ የብረት መገናኛ) ነው። ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ 7020 እና 9020 ግን የሚቀበሉት ባለ 8 ፒን ነው። ኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ጂ1 ደግሞ ባለ 6 ፒን ነው። የራሱን ዓይነት ፓወር ሰፕላይ መፈለግ ወይም አዳፕተር ኬብል መጠቀም ያስፈልጋል። ሰውዬው ይህን አላለም። ስላልገጠመለት ብቻ ፈረደበት። «ይደርና ነገ ደግሜ ልየው» አለ። በማግስቱ ስመለስ ደግሞ «ለመለዋወጫ ልግዛሽ፣ ሌላ ያገለገለ ኮምፒውተር ልሽጥልሽ» የሚል ንግግር ጀመረ። ያቀረበውን ዋጋ ብነግርህ አታምነኝም። እቃዬን ተሸክሜ ወጣሁ።

ቤት የጎረቤቴ ልጅ ጠበቀኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል የሚማር ልጅ ነው። ሳጥኑን በርጩማ ላይ አስቀመጠና ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አዞረው። ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ አንዲት ትንሽ በተንና አንዲት ትንሽ መብራት አለች። ብዙ ኦፕቲፕሌክሶች አላቸው፤ የፓወር ሰፕላዩ መፈተሻ ናት። ገመዱ እንደተሰካ በተኗን ትጫናለህ። አረንጓዴ ከበራ ፓወር ሰፕላዩ ይሠራል ማለት ነው። ካልበራ ገመዱን ነቅለህ፣ ክዳኑን ከፍተህ፣ ፓወር ሰፕላዩ ማዘርቦርዱና ሌሎች ክፍሎች ላይ የሰካቸውን ኬብሎች ሁሉ ታላቅቃለህ። ከዚያ ገመዱን መልሰህ እንደገና ትጫናለህ። አሁን ከበራ ችግሩ ማዘርቦርዱ ላይ ወይም ሌላ ክፍል ላይ ነው። አሁንም ካልበራ የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ነው።

የኔ ሁለቱንም ጊዜ አልበራም። ልጁ «ማዘርቦርዱን ገና ማንም አልፈተሸውም» አለኝ። ያን ስሰማ የተሰማኝን ንዴትም ደስታም ልነግርህ አልችልም።

ክዳኑ ተከፍቶ እያለ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ራሙ (ሜሞሪው) ሁለት ነበር፣ አንድ ሆኗል። ስልኬን አወጣሁ፣ ፎቶው ላይ ሁለቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ተመልሼ ሄድኩ። አልጮህኩም። ፎቶውን ደንበኛው ሁሉ እያየ ፊቱ ላይ ያዝኩት። «በስህተት ነው» አለና ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም።

ፓወር ሰፕላዩ ጅማ ሲጠፋ ከአዲስ አበባ አስገዛሁ፣ በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ መጣ። ተገጠመ፣ ተነሳ። «ተቃጥሏል» የተባለው ማዘርቦርድ ይኸው ዛሬም እየሠራ ነው፤ ይህንንም የምጽፍልህ በእሱ ላይ ነው።

ያንተ ዴል ካልሆነና ጫፉ ባለ 24 ፒን ከሆነ ደግሞ እንዲህ አድርግ። ገመዱን ከግድግዳ ንቀል። ባለ 24 ፒኑን ከማዘርቦርዱ አውጣ፤ ወደ ሃርድ ዲስክና ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄዱትንም አላቅ። ከ24ቱ መካከል አረንጓዴ ሽቦ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። የወረቀት አግራፍ ዘርግተህ አንዱን ጫፍ እዚያ፣ ሌላውን ከጥቁሮቹ በአንዱ ውስጥ ክተት። እጅህን ካነሳህ በኋላ ብቻ ገመዱን ግድግዳ ላይ ሰካ፤ ጀርባው ላይ ማብሪያ ካለው አብራው። ማራገቢያው ከዞረ ቢያንስ ነፍስ አለው። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ወይም ጫፉ ባለ 8 ወይም ባለ 6 ከሆነ ይህን አትሞክር፣ አቀማመጡ ሌላ ነው።

የቮልት መለኪያ (መልቲሜትር) ያለው ሰው በአቅራቢያህ ካለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ማራገቢያ መዞሩ ብቻ ሙሉ ጤና አይደለምና። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 መስጠት አለበት። ቢጫው ከ11.4 በታች ከወረደ ችግር አለ። ሐምራዊው ኮምፒውተሩ ጠፍቶም እንኳ፣ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ፣ 5 ቮልት ይሰጣል። እሱ ከሌለ በተኑን ብትጫነው ምንም አይሰማም።

አንድ ነገር አደራ። የፓወር ሰፕላዩን የራሱን ቆርቆሮ ሳጥን አትክፈት። ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል። ጎረምሶች «ፊውዙን ቀይሬ ላስነሳልህ» ቢሉህም እምቢ በል።

ፓወር ሰፕላዩ ደህና ከሆነ ወደ ቀሪው ትሄዳለህ። የማስነሻው በተን ራሱ ሊበላሽ ይችላል፤ ከፊት የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰኩበትን ፈልግ፣ አውጣቸውና ሁለቱን ፒኖች ብቻ በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ አገናኛቸው። ከተነሳ ጥፋቱ የበተኑ ነው። ከዚያ ራሙን አውጥተህ ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ጥረገውና መልሰው። የኛ ከተማ እርጥበት እዚያ ላይ ክፉ ነው፣ በተለይ በክረምት። ለአንድ ሰከንድ ተነስቶ የሚጠፋ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ኬብል በደንብ ተጫናት፤ ማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጠ በርሜል የሚመስሉ ትንንሽ ክፍሎች (ካፓሲተሮች) ካሉም ተመልከት። ካበጡ ያኔ ማዘርቦርድ ነው ቢሉህ እመናቸው።

የግድ ወደ ጥገና ቤት ከሄደ ሃርድ ዲስኩን አውጣ፣ የውስጡን ፎቶ አንሳ፣ ቆመህ ይፈተሽልህ። «ይደር» ካሉህ ይዘኸው ውጣ። እቃ ከቀየሩ አሮጌውን ተቀበላቸው።

አሁን ያለህን ሌላ ማሽን ግን ዛሬውኑ ጠብቅ። መብራት ሲሄድ ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀል። ሲመጣም ወዲያው አትሰካ፣ አምፖሉ መረጋጋቱን እይ። አምፖልህ አንዴ ደብዘዝ፣ አንዴ ከልክ በላይ ደመቅ የሚል ከሆነ የመስመር ችግር ነውና ለመብራት ኃይል በ905 ደውለህ አስመዝግብ፤ እስኪስተካከል ምንም ነገር አትሰካ።

የኮምፒውተርህን ሞዴል አልጻፍክም። ፊቱ ወይም ጎኑ ላይ አለ፣ አይተህ እዚሁ ጻፍልኝ። 9020 ከሆነ የጎረቤቴ ልጅ ጋ አሮጌ ግን የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ አለ፣ ለሙከራ እናውስሃለን። እስከዚያ ለዚያ ጠጋኝ «ቆይ» በለው።