ሎግ ላይ የማይታይ የስምንት ሰከንድ ስታክ

ገላን አካባቢ ካለ የእህል መጋዘን አንዲት አንባቢ ጽፋልኛለች። የሽያጭ ሲስተሙ የሚሠራው ኡቡንቱ በተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። በቀን አራት አምስት ጊዜ ሁሉም ነገር ለሰባት ስምንት ሰከንድ ስታክ ያደርጋል። ደረሰኝ የሚጠብቀው ሰው ይጮኻል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራው ይቀጥላል። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች በሚያሳየው ቶፕ ላይ ስታይ ሲፒዩው ሥራ ፈትቷል። የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሎግ፣ ማለትም መዝገቡ፣ ላይ አንድም መስመር የለም። ራም ጨምሪ ያላት አለ፣ ፎርማት አድርጊው ያላትም አለ። እሷ ግን ምክንያቱን ማወቅ ፈለገች። የከርነሉን ትሬሲንግ (ከርነሉ የሚሠራውን የሚቀርጽ መሣሪያ) ከነሙሉ ኤቨንቶቹ፣ ማለትም ከሚቀረጹት ክስተቶች ሁሉ ጋር፣ ከፍታ ወደ ፋይል መጻፍ ጀመረች። ማሽኑ ጭራሽ ተንቀራፈፈ፤ ፋይሉም መነሻ መድረሻው የማይታወቅ ሆነባት።

እህቴ፣ አካሄድሽ ትክክል ነው። ፎርማት ከማድረግሽ በፊት መጠየቅሽም ደስ ብሎኛል። የከበደሽ ሁሉንም በአንዴ ስለከፈትሽ ነው።

መጀመሪያ ሎጉ ለምን ዝም እንዳለ ልንገርሽ። ከርነሉ ሃርድ ዲስኩን አንድ ነገር ካዘዘ በኋላ 30 ሰከንድ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። አንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ታግቶ ቀርቷል ብሎ የሚጽፈውም 120 ሰከንድ ሲያልፍ ነው። ካልተቀየሩ በቀር ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ያንቺ ችግር በስምንት ሰከንድ ያልፋል። ስለዚህ ከርነሉ የሚጽፈው ነገር የለውም።

ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ሁሉም ከቆመ፣ አንድ የሚጠበቅ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ዲስኩን እጠረጥራለሁ። ይህን ለማረጋገጥ ሦስት ኤቨንት ይበቃሻል። ስኬድ ስዊች ሲፒዩው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ያሳያል። ብሎክ አርኪው ኢሹ ለዲስኩ ትእዛዝ የተላከበትን፣ ብሎክ አርኪው ኮምፕሊት ደግሞ መልስ የመጣበትን ሰዓት ይነግርሻል። ስሞቹን በፊደላችን ብጽፍልሽም ስታያቸው ትለያቸዋለሽ፤ ቃላቱ በታች ሰረዝ የተያያዙ ናቸው።

ሲስ ውስጥ ከርነል፣ ከርነል ውስጥ ትሬሲንግ ወደሚለው ፎልደር ግቢ። አስቀድመሽ ግን ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሁኚ። የሩትን ሥልጣን በሚያውሰው ሱዶ፣ ሱዶ ኤኮ ብለሽ ወደ ፋይሉ ብትልኪ ፐርሚሽን ዲናይድ ይልሻል፤ ምክንያቱም ፋይሉን የሚከፍተው ያንቺው ሼል (ትእዛዝሽን የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው፣ ሱዶ አይደለም። እዚህ ጋ ብዙ ልጆች ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ አይቻለሁ።

ኤቨንትስ ፎልደር ውስጥ ኢኔብል የሚል ፋይል አለ፤ 0 ጻፊበትና ሁሉንም ዝጊ። ከዚያ በሦስቱ ኤቨንቶች ፎልደር ውስጥ ባሉት የየራሳቸው ኢኔብል ላይ 1 ጻፊ። ቀረጻው የሚቀመጥበትን የራም ቦታ (ባፈሩን) ለመወሰን ባፈር ሳይዝ ኬቢ ላይ 8192 አድርጊ። ይህ ለእያንዳንዱ ኮር ስለሆነ፣ አራት ኮር ካለሽ 32 ሜጋባይት ራም ይይዛል። ባፈሩ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል፤ ለእኛ የሚጠቅመንም ይኸው ነው። ቀረጻውን ወደ ዲስክ አትጻፊ። የምንጠረጥረው ዲስክ ላይ ሌላ ሥራ እየጨመርሽበት እውነቱን ልታዪ አትችዪም።

አሁን ዋናው ነገር በጊዜው ማቆም ነው። ስታኩን አይተሽ በእጅሽ እስክትደርሺ ባፈሩ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ስክሪፕት ጻፊ። በየሰከንዱ ጥቂት ባይት ወደ ዲስኩ ይጻፍና ኤፍሲንክ ያድርግ (ዲስኩ ላይ በእርግጥ እስኪጻፍ ይጠብቅ)፤ የወሰደውንም ጊዜ ይለካ። ከሁለት ሰከንድ ካለፈ ወዲያው ትሬሲንግ ኦን የሚለው ፋይል ላይ 0 ይጻፍና ይውጣ። ቀረጻው እዚያው ይቆማል፤ ስታኩ ከነምክንያቱ ራም ውስጥ ይቀመጥልሻል። ከዚያ ትሬስ የሚለውን ፋይል ተረጋግተሽ ኮፒ ታደርጊያለሽ።

አነባበቡን በምሳሌ ላሳይሽ። ኢሹ የሚለው መስመር ላይ ሰዓቱ 4512.331 ነው እንበል፤ ማሽኑ ከተነሣ የተቆጠረ ሰከንድ ነው። ቀጥሎ 8,0 ካለ የመጀመሪያው ዲስክ፣ ኤስዲኤ የምንለው ነው። ከዚያ የሴክተሩ (የዲስኩ ትንሽ ክፍል) ቁጥር ይመጣል፤ 88213504 ይሁን። ይህንኑ ቁጥር ይዘሽ ወደ ታች ኮምፕሊት የሚለውን ፈልጊ። 4519.402 ላይ ካገኘሽው ዲስኩ ለአንድ ትእዛዝ ሰባት ሰከንድ ወስዷል። ጤነኛ ዲስክ በሚሊሰከንዶች ነው የሚመልሰው። በመሃል ባሉት የስኬድ ስዊች መስመሮች ዳታቤዝሽን ፈልጊው። ፕሪቭ ስቴት (ሲፒዩውን ሲለቅ የነበረበት ሁኔታ) ላይ ዲ የሚል ፊደል ካለበት፣ መልስ እስኪመጣ የማይቀሰቀስ እንቅልፍ ውስጥ ገብቷል።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሱሉልታ ሱቄ ድረስ የመጣ አንድ የእንጨት ቤት ኮምፒውተር ነበር። ራም ቀየርኩ፣ ፎርማት አደረግኩ፤ ሰውዬው ሁለት ቀን ሥራ ፈታ፤ ስታኩ ግን ተመለሰ። በመጨረሻ ትሬስ ስከፍት፣ ስታክ ባደረገ ቁጥር የዘገየው ያው የሴክተር ሰፈር ነበር። ዲስኩ የታመመ ቦታ ላይ እየደጋገመ ለማንበብ ሲታገል ነው የኖረው።

ያንቺም እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ባክአፕ ውሰጂ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ቀጥሎ የዲስኩን የጤና መዝገብ በሚያሳየው ስማርትሲቲኤል ላይ የቁጥር 197ን ሮው ቫልዩ እዪ፤ ከ0 በላይ ከሆነ ለማንበብ ያቃቱት ሴክተሮች አሉና ዲስኩን ቀይሪ። 199 እየጨመረ ከሄደ ግን ኬብሉን ቀይረሽ ሞክሪ። ይኼኛው ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም፤ መጨመሩን ማቆሙን ብቻ ተከታተይ። እናንተ ሰፈር እንደኛው መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድ ከሆነ ዩፒኤሱንም ፈትሺ፤ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ሴክተር ሊበላሽ ይችላል።

ኮምፕሊቱ በቶሎ መጥቶ ዳታቤዙ ግን ዲ ላይ ከቆየ፣ ዲስኩ ነፃ ነው። ያኔ የስኬድ ስዊች ትሪገር ፋይል ላይ፣ ፕሪቭ ስቴት 2 (ዲ ማለት ነው) ሲሆን ስታክትሬስ፣ ማለትም እርስ በርስ የተጠራሩትን ፈንክሽኖች ዝርዝር፣ እንዲያወጣ ትእዛዝ ትጨምሪና የትኛው ፈንክሽን ውስጥ እንደቆመ ታያለሽ። እዚያ ከደረስሽ ከስታኩ በፊትና በኋላ ያሉትን ሃያ ሃያ መስመሮች ላኪልኝ፤ አብረን እናነባቸዋለን።