የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጠያቂ የራቀው የታማሚ ቤት

ጥያቄ፦ አዛውንት ጎረቤታችን በስትሮክ ምክንያት የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል። በመጀመሪያው ሰሞን ጠያቂ ይጎርፍ ነበር፤ ዛሬ ባለቤታቸው ብቻቸውን ቀርተዋል። እምነታችን አንድ ስላልሆነ እንዴት እንርዳቸው?

መልስ፦ የእምነት ልዩነቱ አያሳስባችሁ፤ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው አይሁድ የማይተባበሩትን ሳምራዊ ነው። ያ ሰው የቆሰለውን መንገደኛ በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፤ ሁለት ዲናር ከፍሎም ተመልሶ እንደሚመጣ ቃል ገባ። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ ይህ የመመለስ ቃል ነው።

በአልጋ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ ስለሚያስፈልገው፣ ባለቤታቸው ሌሊቱን እንኳ በቅጡ እንደማይተኙ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ብርቱካን ይዞ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ከመመለስ ይልቅ፣ ተራ ገብታችሁ ታማሚውን እየጠበቃችሁ እርሳቸው እንዲያርፉ ወይም ገበያ ደርሰው እንዲመጡ ብታደርጉ እውነተኛ እፎይታ ታስገኙላቸዋላችሁ። እድራችሁ ገንዘብ የሚያወጣው ለለቅሶ ብቻ ከሆነም፣ ለታመመ ሰው ቤተሰብ ጥቂት እንዲመድብ በስብሰባው ላይ ሐሳብ አቅርቡ። አስቀድማችሁ ግን ባለቤታቸውን ጠይቁ፤ የትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚከብዳቸው የሚያውቁት እርሳቸው ናቸውና።