መልስ፦ የቤት ሐራጅን በኪሳራ ማመልከቻ ስለ ማስቆም

ቨርጂኒያ ያለው ቤትዎ በሚቀጥለው ወር በሐራጅ ሊሸጥ መሆኑን ገልጸው፣ የኪሳራ ማመልከቻ ያስቆመው እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎ፣ ያስቆመዋል፤ ግን ሐራጁ ከመካሄዱ በፊት ከገባ ነው። መዶሻው ካረፈ በኋላ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው።

ማመልከቻው በፌዴራል የኪሳራ ፍርድ ቤት እንደተመዘገበ ሕጉ ራሱ ባንኩን ያግደዋል፤ የዳኛ ፊርማ አይጠበቅም። ቤቱን ለማቆየት የሚበጀው ቻፕተር 13፣ ማለትም ዕዳን በዕቅድ ከፋፍለው የሚከፍሉበት የኪሳራ ሕጉ ክፍል ነው። ቻፕተር 7 (ያለ ክፍያ ዕቅድ ዕዳ የሚሰረዝበት ክፍል) ሐራጁን ለጥቂት ጊዜ ያዘገያል እንጂ ውዝፉን፣ ማለትም ሳይከፈል የቀረውን የቤት ብድር ክፍያ፣ የሚከፍሉበት ዕቅድ አይሰጥም። በቻፕተር 13 ውዝፉን ከ3 እስከ 5 ዓመት ከፋፍለው ይከፍላሉ፤ ለምሳሌ ውዝፉ 18,000 ዶላር ቢሆን፣ በ60 ወር ሲካፈል በወር 300 ዶላር ይመጣል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ለአበዳሪዎች የሚያከፋፍለው ባለአደራ የሚወስደው ክፍያ ሳይጨመር። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን መደበኛው የወር ክፍያም እንደማይቆም ነው! ሁለቱን የሚችል ገቢ ከሌለዎት ባንኩ እገዳው እንዲነሣለት ይጠይቃል።

ከማመልከትዎ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ዕውቅና ካለው ተቋም የብድር ምክር መውሰድ ግዴታ ነው፤ በስልክም ይሰጣል። ባለፈው ዓመት ውድቅ የተደረገ ማመልከቻ ካለዎት፣ ፍርድ ቤቱ ካላራዘመው በቀር እገዳው የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው።

«እኔ እጨርስልዎታለሁ፣ ቤቱን በስሜ ያዙሩት» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ይዝጉበት። የሐራጁን ማስታወቂያ ይዘው በዚህ ሳምንት የኪሳራ ጠበቃ ያነጋግሩ።