መልስ፦ ፖሊሽ ከመምታትህ በፊት

ወንድሜ፣ መኪናህ ታጥቦም ሲዳሰስ እንደሚሻክር ገልጸህ ፖሊሽ ልምታው ወይ ብለሃል። ቆይ፣ ገና ነው። የሚሻክረው ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ነገር ነው፤ የፍሬን ብናኝ፣ ሬንጅ፣ የዛፍ ሙጫ። ፖሊሹን ስታሽ እሱኑ እየጎተትክ ቀለሙን ትጭረዋለህ።

ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና የሚመላለስ መኪና ጭቃ አያጣውም። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ልቀቅበት፤ አሸዋው ሳይወርድ ጨርቅ አታስነካው። ከዚያ በመኪና ሻምፖ እጠበው። የዱቄት ሳሙና ይቅርብህ።

ዋናው ሥራ ክሌይ ባር ነው። ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን እየለቀመ የሚያነሳ፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ነገር ነው፤ የመኪና ማስዋቢያ ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቅ። ሻምፖ ጠብ ያለበት ውሃ እየረጨህ፣ ሳትጫን፣ ወዲያ ወዲህ አንሸራትተው። ደረቅ ቀለም ላይ በፍጹም! ሲቆሽሽ አጥፈህ ንጹሁን ገጽ አውጣ። መሬት ከወደቀ ጣለው፣ ዋጋው ቢያሳዝንህም። በእናንተ የጠዋት ብርድ ስለሚደድር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከረው።

መጥራቱን ለማወቅ እጅህን ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ዳብሰው። ሸካራው በፌስታል ጎልቶ ይሰማል።

ፖሊሹና ሰሙ ከዚያ በኋላ ነው፤ በጥላ፣ ኮፈኑ ሲቀዘቅዝ። ክሌይ ባር የድሮውን ሰምም ስለሚያነሳ ሰም ሳትቀባ እንዳትተወው። የደጋ ፀሐይ ቀለም ይበላል።