ሰሙን ሳታዩ አትሽጡት

ለእረፍት ደብረ ማርቆስ ገብታችሁ የአባታችሁን አኮርዲዮን ከቁም ሳጥን ላይ ስታወርዱ ጎረቤቱ ሁሉ ገማች ይሆናል። አንዱ "የጣሊያን ነው፣ ብዙ ያወጣል" ይላል፤ ሌላው "አሮጌ ነው፣ ስጡት" ይላል። ከፍቶ ያየው ግን የለም።

እኔም የአጎቴ ሲደርሰኝ ፊቱ ላይ "ሆነር" የሚለውን አይቼ ቋመጥኩ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ የተጫወተበት ነው። ሆነር በ1857 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የጀርመን ፋብሪካ ነው፤ ግን እጅግ ብዙ ስለሠራ ስሙ ብቻውን ዋጋ አይሰቅልም። "ካስቴልፊዳርዶ" የሚል ካገኛችሁ ደግሞ የጣሊያን የአኮርዲዮን ከተማ ነውና አትቸኩሉ። በቀኝ 41፣ በግራ 120 ቁልፍ ካለው ሙሉው መጠን ነው። 72 እና 48 ባስ (የግራ እጅ ቁልፍ) ያላቸው ከሱ ያንሳሉ።

ከዚያ ወናፉን ፈትሹ። ምንም ቁልፍ ሳትነኩ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እሺ ብሎ ከተከፈተ አየር ያፈሳል ማለት ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ቁልፍ ስትስቡም ስትገፉም አሰሙ፤ ለሁለቱም አቅጣጫ ድምፅ የሚያወጣ የየራሱ የብረት ምላስ አለውና በአንዱ ብቻ ሊታፈን ይችላል።

ምላሶቹ በአብዛኛው እንጨት ላይ የተጣበቁት በንብ ሰምና በሙጫ ነው። ሰሙ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ከዛገ ዋጋው ይወርዳል። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሚያዝያ ላይ መኪናው ኋላ ኮፈን ውስጥ ጭኜው ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወረድኩ። ጎማ ፈነዳና በእኩለ ቀን ፀሐይ ቆምን። አዲስ አበባ ስከፍተው ሰሙ በሙቀቱ ቀልጦ ምላሶቹ ውስጡ ይንኳኳሉ። ቅኔ አገር ተወልጄ ሰሙን ረሳሁት!

የገጠመኝ ጠጋኝ "ሁሉንም አሠራው" አለኝ፤ አላሠራሁም። ተራ አኮርዲዮን ሰሙን ሁሉ ቀይሮ ድምፁን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ከዋጋው ይበልጣል። እንዳለ፣ ጉድለቱን ተናግሮ መሸጥ ይሻላል። ዋጋ ስታጣሩም ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። ተከታታይ ቁጥሩን፣ ውስጡን ፎቶ አንሱ፤ ድምፁንም በቪዲዮ ቅረፁ። እህት ወንድሞቻችሁ ግን መጀመሪያ ይስሙ፤ በኋላ ለሚነሳ ጭቅጭቅ ጠጋኝ የለውም።

ስትጭኑት ወናፉን ዝጉና ማሰሪያውን ቆልፉ። በጋቢ ጠቅልላችሁ ከኋላ ወንበር ላይ አድርጉት። በጠዋት ውጡ፤ በረሃውን ፀሐይ ሳይበረታ እለፉት።