የጠፋችው «አፕ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ የቋንቋ ዓምድ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ ተሳፋሪ በማመላለስ የምተዳደር ሰው ነኝ። «ፒክ አፕ» የሚለውን እንግሊዝኛ በየቀኑ ስለምሰማው ትርጉሙ «ማንሳት» ነው ብዬ ስሠራበት ቆይቻለሁ። ነገር ግን ልጄ ከትምህርት ቤት ጉንፋን «ፒክ አፕ» አድርጌ መጣሁ ትለኛለች፤ አንድ ተሳፋሪ ንግዱ «ፒክ አፕ» እያደረገ መሆኑን አጫወተኝ፤ በዜናም ፖሊስ አንድን ሰው «ፒክ አፕ» ማድረጉን ሰማሁ። በቅርቡ ደግሞ ለአንዲት ደንበኛዬ በስልክ «አይ ካን ፒክ ዩ» ስላት «ለምኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቀሩት መልሶች ከመጨረሻው ጥያቄዎ ስለሚመዘዙ ከእሱ እንጀምር። «ፒክ» ብቻውን ሲቆም መምረጥ፣ መልቀም ወይም መቅጠፍ ማለት ነው። ስለዚህ ደንበኛዎ የሰማችው «ልመርጥሽ እችላለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ለምኑ?» ማለቷም ተገቢ ነበር። የጎደለችው «አፕ» ናት። ይህን ስሕተት ብዙዎቻችን የምንሠራው ሲሆን ምንጩም የራሳችን አማርኛ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር «ስምንት ሰዓት ላይ ፒክ አድርገኝ» ማለት ተለምዷል። አማርኛ የባዕድ ግስ ሲቀበል «አደረገ»ን ምርኩዝ ይሰጠዋል፤ በዚህ ጊዜ «አፕ» ሥራ ስለማይኖራት ትወድቃለች። በአማርኛ ንግግር ውስጥ ይህ ችግር የለውም፤ ችግር የሚሆነው «አድርገኝ»ን ጥለን የቀረውን «ፒክ» ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው ነው።

እንዲህ ያለች ትንሽ ቃል የግስን ትርጉም መለወጧ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር መሆን አይገባውም። ዳኛው «ፈረደለት» ስንልና «ፈረደበት» ስንል ግሱ አንድ ነው፤ ሰውየው ግን በአንደኛው ረትቶ፣ በሁለተኛው ተረትቶ ይወጣል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንዲሁ ናቸው። እኛ «ለ» እና «በ»ን ከግሱ ጋር አጣብቀን ስለምንናገር አናስተውላቸውም፤ እንግሊዝኛ ግን ነጥሎ ስለሚያስቀምጣቸው ሊጣሉ የሚችሉ ትርፍ ቃላት ይመስሉናል። በእኛ እምነት ሐረጋዊ ግስን፣ ማለትም እንደ «ፒክ አፕ» ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ትርጉም የሚሰጥን ግስ፣ የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባው ይህንን ነው።

ከዚህ ጋር የቦታዋ ነገር አለ። የሚነሳው ሰው ወይም ዕቃ በስሙ ሲጠራ «አፕ» ከስሙ በፊትም በኋላም ልትገባ ትችላለች። በተውላጠ ስም ሲተካ ግን ተውላጠ ስሙ የግድ መሀል ይገባል፤ «ፒክ ዩ አፕ» ይባላል እንጂ «ፒክ አፕ ዩ» አይባልም። ለደንበኛዎ መባል የነበረበትም «አይ ካን ፒክ ዩ አፕ» ነው።

ወደ ትርጉሞቹ ስንመጣ፣ «ማንሳት» የሚለው ፍቺ ትክክል ቢሆንም ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። የወደቀ ዕቃ ሲነሳ በትክክል ይገጥማል። ስልክ ላይም ይገጥማል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች የስልክን እጀታ ከመቀመጫው ከማንሳት የወሰዱትን አነጋገር፣ ዛሬ መስታወት በጣት እየነካን በምንመልስበት ዘመንም ይዘውት ቀጥለዋል። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዳቸው ይለያያል። እኛ ፎቶ እናነሳለን፣ ጥያቄ እናነሳለን፣ እገዳ እናነሳለን፣ ክርስትና እናነሳለን፤ ከእነዚህ አንዱም በ«ፒክ አፕ» አይነገርም።

የቀረውን ግማሽ የሚሸፍነው «መልቀም» ነው፤ ከእሱም ይልቅ «መቃረም»። ቃራሚ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በማሳው ላይ የቀረውን እህል እየለቃቀመ ይሰበስባል፤ አይዘራም፣ አያጭድም፣ ያገኘውን ያነሳል። አንድ ሰው ትምህርት ቤት ሳይገባ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲውል ቋንቋ ከለመደ፣ እንግሊዝኛ ቋንቋውን «ፒክ አፕ» አደረገው ይላል። ይህ «ተማረ» ከሚለው ይለያል፤ ውስጡ መምህርም መርሐ ግብርም የለም፤ ቃል በቃል መቃረም አለ። ወሬ ለቃቀመ፣ ከባልንጀራ ጠባይ ወረሰ ስንል ያለው ሥዕል ይኸው ነው። «ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና» የምንለውንም እንግሊዝኛ በዚሁ ግስ ይናገረዋል፤ ዋናው ጉዞ ወደ ቤት ነው፣ ዳቦው በመንገድ የሚለቀም ነገር ነው።

የልጅዎ ጉንፋንም የሚመደበው እዚህ ነው። በአማርኛ በሽታው አድራጊ፣ ሰው ተደራጊ ነው፤ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን። እንግሊዝኛው ገልብጦ ሰውየውን አድራጊ ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ከሰው መካከል ሲውል ሳያውቀው ለቅሞት መጣ ማለት ነው። ልጅዎ የተናገረችውን ወደ አማርኛ ሲመልሱ «ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዞኝ መጣሁ» ቢሉት ይበቃል።

የተሳፋሪዎ ንግድ ነገር ግን ከሁለቱም ይለያል፤ የሚነሳም የሚለቀምም ዕቃ ስለሌለው። ግሱ ያለ ተሳቢ ሲቆም የቀዘቀዘ ነገር መነቃቃቱን ያሳያል፤ ገበያው ተሟሟቀ፣ ሥራው ነቃ አለ እንደማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። «ነፋስ ተነሳ» ስንል ያልነበረ ነፋስ መጣ ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛው ነፋሱ «ፒክ አፕ» አደረገ ሲል ግን ቀድሞም ይነፍስ ነበር፣ አሁን በረታ ማለቱ ነው። ንግዱም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ተከፈተ ለማለት ይህ ግስ አያገለግልም።

ፖሊስን በተመለከተ «ያዘው» ወይም «ወሰደው» ብለው ይተርጉሙት። በዜና ሲነገር ቃሉ ከመደበኛው «አሰረ» ቀለል ያለና የንግግር ጠባይ ያለው ስለሆነ፣ ሰውየው ክስ ተመሥርቶበታል ብለው ከዚህ ግስ ብቻ አይደምድሙ።

እርስዎ ባይጠይቁንም ለሥራዎ የሚጠቅም አንድ ትርጉም አለ። ግሱ ከማያውቁት ሰው ጋር ለፍቅር ግንኙነት መቀራረብንም ያመለክታል። አንዲትን ተሳፋሪ ከአውሮፕላን ማረፊያ «ፒክ አፕ» አደረግኋት ቢሉ ማንም አይሳሳትም፤ መጠጥ ቤት ውስጥ አገኘኋት በሚል አገባብ ቢናገሩት ግን አድማጭ ሌላ ነገር ሊረዳ ይችላል። «ተሳፋሪ» የሚለውን ቃል አብረው ቢጠሩ ጥርጣሬው ይወገዳል።

በመጨረሻም ድምፁ። ግስ ሲሆን «ፒክ ዩ አፕ» ውስጥ ጠንከር ብላ የምትሰማው «አፕ» ናት፤ ስም ሲሆን ግን ጥንካሬው ወደ «ፒክ» ይዞራል። በስልክዎ መተግበሪያ ላይ የመጫኛ ቦታን የሚያመለክተው ቃል ስም ነው። አገር ቤት ሁላችንም የምናውቀው፣ ኋላው ክፍት የሆነው «ፒካፕ» መኪናም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ የፎርድ ኩባንያ በ1925 እ.ኤ.አ. ለሞዴል ቲ መኪናው እንዲህ ያለ የጭነት አካል ከፋብሪካው ሠርቶ ሲያቀርብ በዚህ ስም ነበር የጠራው።